በሐሰት የተከሰሰው ጥርስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፤ የመጀመሪያ ልጄ ሰባት ወር ሞልቶታል። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለሃጩ ደረቱን እያራሰ፣ ያገኘውን ሁሉ እያኘከ፣ ሌሊት እየተነጫነጨ አስቸግሮኛል። በመካከሉ ተቅማጥ ያዘውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለምለምና ዚንክ ሰጠችኝ፤ በሦስተኛው ቀን ሲሻለው ዚንኩን ተውኩት። አሁን ተቅማጡ ተመልሶበታል፤ ሰውነቱም ይሞቃል። አማቴ ድዱን ገልጠው አይተው «ግግ ነው፤ ሳይብስበት ይውጣለት» ይላሉ። ጎረቤቴ ደግሞ እኅቷ ከአሜሪካ የላከችላትን ድድ የሚያደነዝዝ ቅባት ሰጥታኛለች። ጥርስ ሲያወጡ ተቅማጥና ትኩሳት ያለ ነው ብዬ ጤና ጣቢያ አልወሰድኩትም። የቱን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ ሆይ፤ በዕድሜዬ ብዛት እንዲህ ብዬ እጠራሽ ዘንድ ፍቀጂልኝ። ለአንቺ ለራስሽ የሚገባውን መልስ፣ ማለት «ሕፃኑን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» የሚለውን፣ ደብዳቤሽ እጄ በገባበት ዕለት ልኬልሻለሁ፤ የመጽሔት ኅትመት የተቅማጥን ፍጥነት አይቀድምምና። ይህን ሰፋ ያለውን ሐተታ የምጽፈው ግን እንዳንቺው ሕፃን ታቅፈው፣ በአማትና በጎረቤት ምክር መካከል ተይዘው፣ በልጃቸው ላይ የሚደርሰውን ሁሉ በጥርስ እያሳበቡ ለሚቀመጡት ብዙ እናቶች ነው። አባቶችም አሉበት፤ እነርሱ ግን አይጽፉልኝም።

ተከሳሽ ጠበቃ ያሻዋልና ዛሬ እኔ ለጥርስ ጠበቃ ሆኜ እቆማለሁ። ክሱ የኛ አገር ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ሊቃውንት ሳይቀሩ በዚህ ነገር ብዙ ዘመን ሲስቱ ኖረዋል፤ በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1839 ብቻ የ5,016 ነፍሳት ምክንያተ ሞት «ጥርስ ማውጣት» ተብሎ በመንግሥት መዝገብ ተጽፏል፤ ፈረንሳዊው የቀዶ ጥገና ሊቅ አምብሯዝ ፓሬ በ16ኛው መቶ ዓመት ያስተማረውን ተከትለው ሐኪሞች የሕፃናትን ድድ በስለት ሲሰነጥቁ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይተዋል፤ በኋላም «የጥርስ ዱቄት» እየተባለ በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጥ የነበረው መድኃኒት ሜርኩሪ የተቀላቀለበት ስለ ነበር የብዙ ሕፃናት መዳፍና እግር እየቀላና እየተላጠ፣ እነርሱም በሥቃይ ሲያለቅሱ ያድሩ ነበር። ያ ዱቄት እ.ኤ.አ. በ1954 ከእንግሊዝ ገበያ ሲወጣ ደዌውም ቀስ በቀስ ጠፋ። ጥርስ ግን አልጠፋም፤ እንደ ልማዱ በየድዱ መብቀሉን ቀጠለ። ይህን ያነሣሁት አማትሽን የሚንቅ የተማረ ጎረምሳ ቢኖር ጥቂት ራሱን ዝቅ ያደርግ ዘንድ ነው።

የጥርስ መሠረቱ የሚጣለው ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ፣ በስድስተኛው ሳምንት ግድም ነው። ከተወለደ በኋላ ብዙውን ጊዜ በስድስተኛው ወር አካባቢ የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ብቅ ይላሉ፤ የላይኞቹ ሁለት ይከተላሉ፤ ከዓመት በኋላ መንጋጋዎቹ፣ ከ16 ወር ጀምሮ ክራንቻዎቹ ይመጣሉ፤ ልጁ 3 ዓመት ሲሞላው ሃያው የወተት ጥርስ ተሟልቶ ይገኛል። በ4 ወሩ ያወጣ ሕፃን ሊቅ አይሆንም፣ በ12 ወሩ ያወጣም ሰነፍ አይደለም። 18 ወር ሞልቶት አንድም ካልታየ ለሐኪም አሳዩት።

ምልክቱም ቢሆን ይህን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ድዱ ጥርሱ በሚወጣበት ቦታ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ልጁ ጣቱንና ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፤ ጉንጩንና ጆሮውን ይደባብሳል፤ እንቅልፉ ይቆራረጣል፤ በለሃጩ ብዛት አገጩ ላይ ሽፍታ ይወጣል። (ለሃጭ ግን ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ያለ አንዳች ጥርስም ይበዛልና ብቻውን ምስክር አይሆንም።) ይህ ሁሉ ጥርሱ ከመውጣቱ በፊት አራት ቀን፣ ከወጣም በኋላ ሦስት ቀን ያህል ቢቆይ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሚነጫነጭ ልጅ ሌላ ምክንያት ይፈለግለት። ገላው ጥቂት ሞቅ ሊል ይችላል፤ በቴርሞሜትር ሲለካ ግን 38 ዲግሪ አይደርስም። ከደረሰ ጥርሱን ተዉትና ጆሮውን፣ ሳንባውን፣ ሽንቱን የሚመረምር ሰው ፈልጉ፤ ቆላ ከሆናችሁ ከሁሉ አስቀድሞ የወባ ምርመራ ይደረግለት።

ታዲያ ተቅማጡስ ከየት መጣ? እንግዳ በመጣበት ሌሊት ሌባ ቢገባ፣ እንግዳው ስለ ተገኘ ብቻ ሌባ አይባልም። ሕፃን በማኅፀን ሳለ ከእናቱ ደም የወረሰው የመከላከል ኃይል በስድስተኛው ወር ግድም እየመነመነ ይሄዳል፤ ይኸው ወር ከጡት በላይ አጥሚትና ገንፎ የሚጀምርበት፣ ስለዚህም በደንብ ያልታጠበ ጡጦና ማንኪያ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የተቀመጠም ምግብ ወደ ሆዱ መንገድ የሚያገኙበት ነው፤ ይኸው ወር ደግሞ መቀመጥና ቀጥሎም መዳኽ የሚለምድበት፣ ከወለል ያነሣውንም ሁሉ ድዱን ያሽበት ዘንድ ወደ አፉ የሚወስድበት ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድ ወር ሲገጣጠሙ ተቅማጥ ይከተላል፤ ጥርሱም በዚያው ሰሞን ብቅ ስለሚል እርሱ ተይዞ ይከሰሳል። እናት «ጥርስ ነው» ብላ ስትጽናና ሁለት ቀን ያልፋል፤ በሁለት ቀን ውስጥ የሕፃን ሰውነት ምን ያህል ውኃ እንደሚያጣ ያየ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ መታገሥ ያቅተዋል። ወጣት ሐኪም ሳለሁ በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ፣ ዐይኑ የጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ የሰረገደ፣ ሲያለቅስ እንባ የማይወጣው የስምንት ወር ልጅ ይዛ የመጣች እናት «አራት ቀኑ ነው፤ ግግ አስወጥተንለት ነበር» አለችኝ። አፉ ውስጥ ሁለት ቁስሎች ነበሩ። ውኃ ግን አራት ቀን ሙሉ «ተቅማጡን ያብስበታል» ተብሎ ተከልክሏል።

ስለ ግግ እንግዲህ ሳልቸኩል ልናገር፤ ነገሩ ይህን ይሻልና። አማትሽ ድዱን ገልጠው ያዩት ነገር በእርግጥ አለ፤ እርሳቸውም አልዋሹም። በሕፃኑ ድድ ጎንና ጎን፣ ክራንቻ ሊበቅልበት ባለው ስፍራ፣ ነጣ ያለ እብጠት ይታያል፤ እርሱም ከብዙ ወራት በኋላ ይወጣ ዘንድ ተራውን የሚጠብቅ የክራንቻው ፍሬ ነው። አዋቂ የተባለው ሰው በምላጭ፣ በሽቦ ወይም በጥፍሩ ቆፍሮ አውጥቶ «ትሉ ይኸውልሽ» ብሎ የሚያሳየው ነጭ ነገር ትል አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ ጥርስ ነው። ከዚያ ቁስል ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል፤ መንጋጋ ቆልፍ፣ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ በዚያው ባልተቀቀለ ስለት ይተላለፋሉ፤ የቁስሉ መርዝ ወደ ደም ገብቶ ልጁን የገደለበትም ጊዜ አለ። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ልጅ ከሥር የነበረው ቋሚ ጥርስ ተጎድቶበት ሊያድግ ይችላል፤ ወደ እስራኤል የገቡትን የቤተ እስራኤል ልጆች የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞችም ይህንኑ የክራንቻ ጉድለት በአፋቸው አግኝተው ጽፈዋል። እኔ ግን ማስረጃ ፍለጋ ያን ያህል ርቄ መሄድ አያስፈልገኝም፤ የታችኛው ግራ ክራንቻዬ ጎድጎድ ያለና ቡናማ ሆኖ የበቀለው እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በፍቅር ብዛት ለአዋቂ ስለ ሰጠችኝ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የሚጎዳ ነገር እንዴት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲከበር ኖረ? ተቅማጥ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ የሚቆም ደዌ ስለ ሆነ፣ በአራተኛው ቀን ግግ የወጣለት ልጅ በስድስተኛው ቀን ሲድን ምስጋናው ለአዋቂው ይሆናል፤ የሞተው ልጅ ግን «ዘግይቶ መጣ» ይባላል እንጂ በአዋቂው ዕዳ አይመዘገብም። በዚህ ዓይነት ሒሳብ ማን ይከስራል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 561 እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልን ከሚያስቀጡ ጎጂ ልማዶች ጋር ቆጥሯቸዋል። አማትሽን ግን በሕግ አታስፈራሪያቸው። ሌሊት ሕፃኑን ታቅፈው የሚያባብሉልሽ እርሳቸው ናቸውና «ጥርሱ ተራውን ጠብቆ ይወጣል ብለዋል ሐኪሙ» ብለሽ በአክብሮት ንገሪያቸው፤ ከፈለግሽም የኔን ጥርስ ታሪክ አንብቢላቸው።

የጎረቤትሽን ቅባት መልሺላት። ከአሜሪካ መጣ ማለት ከሰማይ ወረደ ማለት አይደለም፤ በእንዲህ ያለው ቅባት ውስጥ የሚገኘው ቤንዞኬይን ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎ ሕፃንን ሊገድል ስለሚችል፣ የዚያው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ከ2 ዓመት በታች ለሆኑት እንዳይሸጥ አምራቾቹን አሳስቧል። ሊዶኬይንም ለሕፃን አደገኛ ነው። አረቄም አይቀባ። ማር ዓመት ሳይሞላው አይቀመስ።

ለማስታገስ የሚበጀው ዋጋ የማይጠይቅ ነገር ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢና በጣትሽ ድዱን ቀስ አድርገሽ እሺለት፤ ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ነክረሽ ያኝክ፤ ማቀዝቀዣ ካለሽ ወፍራም የጎማ ቀለበት አቀዝቅዘሽ ስጪው፤ በረዶ እስኪሆን ግን አይቆይ። ካሮትና ደረቅ ዳቦ ተቆርሶ ያንቀዋል። ማተቡን ካህኑ አስረውለታልና ስለ እርሱ አልናገርም፤ ማኘኪያውን ግን በማተቡም ሆነ በሌላ ክር ከአንገቱ አታንጠልጥዪ። አገጩን ቶሎ ቶሎ አድርቀሽ ቫዝሊን ቀቢው። ሕመሙ ከጠናበት ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይሰጠዋል፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ፤ «ለአጎቱ ልጅ አንድ ማንኪያ ነበር» በሚል ግምት አይደለም። አስፕሪን በፍጹም። ጡት ሲነክስሽ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ አስገብተሽ አላቅቂውና ጥቂት ቆይተሽ መልሰሽ አጥቢው፤ «ጥርስ አወጣ፣ ይብቃው» ብለሽ ጡት የምታስጥዪው ከሆነ ግን ተቅማጡን በገዛ እጅሽ ጋበዝሽው። የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ካለች ጀምሮ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ ትጸዳ፤ ጡጦም በአፉ ይዞ አይተኛ።

ዚንኩን በሦስተኛው ቀን መተውሽን ሳነብ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መነጽሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ጣልሁት። ዚንክ የዛሬውን ተቅማጥ ብቻ የሚያቆም ቢሆን ኖሮ ሲቆም መተው ያባት ነበር፤ እርሱ ግን የተጎዳውን አንጀት የሚጠግን፣ ተቅማጡም በሚመጡት ሁለትና ሦስት ወራት እንዳይመላለስ የሚያግዝ ነው፤ ይህንንም የሚያደርገው አሥሩን ቀን ሙሉ ሲወሰድ ነው። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በቀን አንድ ባለ 20 ሚሊ ግራም ኪኒን በማንኪያ ላይ በጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውኃ አሟሙተሽ ትሰጪዋለሽ። ለምለሙን አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠሽ፣ ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ስኒ ያህል በማንኪያ ቀስ እያልሽ አጠጪው፤ ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቀሽ ቀጥዪ፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ድፊው። ጡት መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ፣ ሰገራው ደም ካለበት፣ ወይም ትንፋሹ በደቂቃ 50 ከደረሰ ማንንም ሳትጠይቂ ተነሺ።

ለአሥሩ ቀን ደግሞ በግድግዳው ላይ በከሰል አሥር መስመር አስምሪ፤ በየማታው አንዱን የሚያጠፉት አማትሽ ይሁኑ።