አማቴን ያስኮረፈው ዳይት

«እኅቴ ሆይ፣ የመርሳ ልጅ ነኝ። አሁን ወልድያ ከባለቤቴና ከእናቱ ጋር እኖራለሁ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ክብደቴ ስለጨመረ ቲክቶክ ላይ አይቼ እንጀራ ተውኩ። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ፣ ምሳ ፖምና ሰላጣ፣ ማታ የማቅጠኛ ሻይ። ሁዳዴን በዚህ ዘልቄ ቀነስኩ፤ ፋሲካ ሲመጣ ግን እንደ ጉድ በላሁና ከነበርኩበት አለፍኩ። ይኸው እንደገና ጀምሬዋለሁ። አማቴ ከገበታ ስለቀረሁባቸው ‹እጄ ቀፈፈሽ ወይ?› ብለው አኩርፈዋል። የባሰው ደግሞ የ12 ዓመቷ ልጄ ‹እኔም ዳይት ላይ ነኝ› እያለች የምሳ ዕቃዋን ሳትነካው ትመልሳለች። ምን ላድርግ?»
ዳይት ያስመረራት፣ ከወልድያ

እኅት ዓለም፣ ከአማትሽ ልጀምር፤ ነገሩ ካንቺ ቀድሞ የገባቸው እሳቸው ናቸው። ከቤተሰብ ገበታ የሚነጥል አመጋገብ ዕድሜ የለውም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ያልቃል፤ ማለቁም ደንቡ ነው፣ የተሠራው ለነፍስ ነውና። አንቺ ዳይቱንም እንደ ጾም ያዝሽውና አብረሽ ፈታሽው። ወገብሽን የሚወስነው ግን በዓል በሌለበት በተራው ሰኞና ማክሰኞ ከቤትሽ ድስት የሚወጣው ነው። ዳይትሽ እሱ ነው፤ ወደድሽም ጠላሽም ዓመቱን ሙሉ «ዳይት ላይ» ነሽ።

እንጀራው ምን በደለ? የጤፍም ሆነ የማሽላ፣ ከምስርና ከጎመን ጋር ሲቀርብ ደህና ምግብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአገራችን የአመጋገብ መመሪያም እህል ተዉ አይልም። ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ጨምሩበት፤ ስኳሩን፣ ጨውንና ዘይቱን ቀንሱ ነው የሚለው።

እኔ የምጠረጥረው ዘይቱን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ በጾም ቅቤው ሲወጣ ደግሞ ወጡ ላይ ያለ ልክ ይንቆረቆራል። ከዚያ ቡናው አለ። ወሎ ውስጥ ቡና ተዪ ብዬ ጠላት አላፈራም! ግን በአቦሉ፣ በቶናውና በበረካው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ካደረግሽ 24 ግራም ገደማ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። የጠዋቱን ሻይ ገና አልቆጠርንም።

ሽንኩርት ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ ማቁላላት የባለሙያ ሥራ ነው። አማትሽን «እማዬ፣ እስቲ ያሳዩኝ» በያቸው፤ ዘይቱ በኋላ በማንኪያ ተለክቶ ይግባ። ኩርፊያቸው እዚያው ማጀት ውስጥ የሚያልቅ ይመስለኛል። ከዚያ ገበታው ላይ ቅረቢ፣ ጉርሻቸውንም ተቀበዪ፤ መቀነስ ከፈለግሽ ከእንጀራሽ ሩቡን አስቀሪና ጎመኑን አብዢ።

የፖሟን ነገር ሳነብ ሳቅሁ። የመርሳ ልጅ፣ ማንጎና ፓፓያ ያሳደገሽ፣ ፖም ትገዣለሽ? ለዚያውም በዚያ ዋጋ! የማቅጠኛውን ሻይ ግን አልሳቅሁበትም። አንዳንዱ ሰናመኪ አለበት፤ ሆድ ያስኬዳል፣ ውሃ ያስወጣል፣ ስቡን አይነካም። ተዪው።

ከሁሉ ያሳሰበችኝ ልጅሽ ናት። በዚህ ዕድሜ ቁመት ይመዘዛል፣ የወር አበባ ይጀምራል፣ ሰውነት ብረት ይፈልጋል። ምሳ የሚዘለልበት ጊዜ አይደለም። ምክር አታብዢባት፤ ዳይቱን የተማረችው አንቺን አይታ ነውና አሁንም አጠገቧ ተቀምጠሽ እንጀራሽን ስትበዪ ትይሽ። ስለ ሆድሽና ስለ ሚዛን በፊቷ አታውሪ፤ አክስቶቿም «ወፈርሽ» እያሉ እንዳይቀልዱባት ተናገሪ። ምሳ ዕቃዋ እንደ ሞላ መመለሱን ካላቆመ፣ ወይም ከከሳችና ከደከማት፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ያንቺንም የደም ግፊትና ስኳር በዚያው ተለኪ።