የእንሽርት ውሃ ሲያንስ

አንዲት ነፍሰ ጡር ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች እንበል። ቤቷ ሐዋሳ፣ መሃል ከተማ ነው። ከትናንት ጀምሮ ውሃ እየፈሰሳት ልብሷ ይርሳል፤ ልጁም እንደ ወትሮው አይራገጥም። «እማማ፣ ሐኪም ቤት ልሂድ?» ብላ አማቷን ጠየቀች። «ልጄ፣ ምጥሽ ሳይመጣ ሄደሽ ምን ልትሠሪ? ልጁ ደክሞት ነው» አሏት። አማቷ ክፉ አስበው አይደለም፤ የለመዱትን ነው የተናገሩት። ነገር ግን አንድ ቀን መቆየት የሕፃኑን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ለምን? አብረን እንመልከት።

ሕፃን በማኅፀን ውስጥ የሚኖረው በውሃ ተከቦ ነው። ይህም የእንሽርት ውሃ ይባላል። የእናቲቱ ሆድ ቢገጭ ውሃው ሕፃኑን ይከላከልለታል፤ እትብቱም እንዳይጫን ይጠብቃል። ሕፃኑ ምግብና አየር የሚያገኘው በእትብቱ በኩል ነው። ቦይ ሲደፈን ማሳው እንደሚደርቅ እናውቃለን። እትብት ሲጫንም ሕፃኑ ይታፈናል።

ውሃው በምን ምክንያት ያንሳል?

1. እንሽርቱ ከምጥ በፊት ሲፈስ፤
2. የእናቲቱ ደም ግፊት ሲጨምርና የእንግዴ ልጁ ሥራ ሲደክም። በመጨረሻዎቹ ወራት አብዛኛው የእንሽርት ውሃ የሕፃኑ ሽንት ነው። በደንብ ያልተመገበ ሕፃን ሽንቱ ያንሳል፤
3. የመውለጃው ቀን ሲያልፍ።

የውሃውን መጠን በዓይን አይተን ልናውቅ አንችልም። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ይለካዋል፤ የሕፃኑንም የልብ ትርታ ያዳምጣል። ወሩ ከደረሰ ምጥ በመድኃኒት ሊያስጀምር፣ ካስፈለገም በቀዶ ሕክምና ሊያዋልድ ይችላል። ወሩ ካልደረሰ እናቲቱን በቅርብ ይከታተላል። ውሃ ደጋግሞ መጠጣት ይረዳል፤ ሕክምናን ግን አይተካም።

እንግዲህ እናት ምን ታድርግ? የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት በግራ ጎኗ ተኝታ ትቁጠር። በ2 ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ካልተንቀሳቀሰ ዛሬውኑ ትሂድ። ውሃ ከፈሰሳት፣ ደም ካየች፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ዓይኗ ብዥ ካለባት ወይም ፊቷ ካበጠ ቆጠራም አያስፈልጋት፤ ወዲያው ትሂድ። ፈሳሹ አረንጓዴ ከሆነ ይበልጥ ትፍጠን። ውሃ ከፈሰሰ በኋላ ቅጠልም ሆነ ሌላ ነገር ወደ ማኅፀን ማስገባት አደገኛ ነው።

ምልክት እስኪታይ ድረስ ግን ቤት መቀመጥ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ መክሯል። በሐዋሳ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ አዳሬ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም አሉ። ከከተማው ራቅ ብለን የምንኖር ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አስቀድመን እናማክር።

ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባል የመጓጓዣውን ገንዘብ አስቀድሞ ያስቀምጥ። ጎረቤት ልጆቹን ይጠብቅ። አማትም «ቆይ» ከማለት ይልቅ ነጠላቸውን አጣፍተው «ነይ ልጄ፣ አብረን እንሂድ» ይበሉ።

ጥያቄዎች

1. የእንሽርት ውሃ ለሕፃኑ ምን ይጠቅማል?
2. እናት ወዲያው ሐኪም ቤት እንድትሄድ የሚያደርጉ ምልክቶች ምን ምን ናቸው?
3. በእኛ ሰፈር ሌሊት ምጥ ቢመጣ በምን እንሄዳለን? ተወያዩበት።