በክረምት ወራት ቀለል ያለ የቤት ውስጥ ትምህርት ማቀድ

መግቢያ

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ከሆነ ከሦስት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመማሪያ ክፍሉ ወደ ሳሎን፣ ወደ ጓዳና ወደ በረንዳ ተዛውሮ ነበር። አንዳንዱ ቤተሰብ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን ትምህርት፣ ሌላው በቴሌግራም የሚላከውን መልመጃ፣ ሌላው ደግሞ የታላቅ ወንድምን አሮጌ ደብተር ይዞ እስከ ሰኔ ዘልቆ ነበር። ሐምሌ ሲገባ በብዙ ቤት የተነሳው ጥያቄ ተመሳሳይ ነበር። ክረምት የዕረፍት ወቅት ነውና ደብተሩ ይቀመጥ ወይስ ያመለጠውን ለማካካስ ጥናቱ ያለ ፋታ ይቀጥል?

ሁለቱም መንገዶች ጉዳት አላቸው። በሌላው ዓመት ልጆች ከትምህርት ገበታ የሚርቁት ሁለት ወር ተኩል ያህል ነው። በ2012 ዓ.ም. ደብተሩ ከተቀመጠ ግን መስከረም ሲጠባ ከመጋቢት ወዲህ ስድስት ወር ይሞላ ነበር። ፊደል ለይቶ ቃል ማንበብ ገና የጀመረ የ1ኛ ወይም የ2ኛ ክፍል ልጅ ይህን ያህል ጊዜ ሳያነብ ከቆየ፣ ካቆመበት ሳይሆን ከ«ሀ ሁ» እንደገና ለመጀመር ሊገደድ ይችላል። በሌላ በኩል፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ለወራት በቤት የዋለን ልጅ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ እንዲያጠና ማስገደድ ቤቱን የቁጣ ቤት ያደርገዋል። ወላጅም ልጅም ይሰለቻሉ፤ መጽሐፍም የቅጣት መሣሪያ መስሎ ይታያል።

ከዚህ የከበደ ስጋትም አለ። በምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ወረርሽኝ በተስፋፋበት ወቅት በሴራሊዮን ትምህርት ቤቶች ለዘጠኝ ወር ያህል ተዘግተው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲከፈቱ፣ በዚያ መካከል ያረገዙ ልጃገረዶች ወደ ክፍላቸው እንዳይገቡ ተከልክለው ነበር። ክልከላው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። በኢትዮጵያም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ የቤት ሥራ ጫናና የጉልበት ሥራ ልጆችን ይጠብቃሉ። ልጅ ከትምህርት የሚለየው ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ውሳኔ አይደለም። መጀመሪያ ደብተሩ ከእጁ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ቀኑ በሙሉ ለሌላ ሥራ ይውላል፤ በመጨረሻ ቤተሰቡ እርሱን እንደ ተማሪ ማየት ይተዋል። ስለዚህ የክረምቱ ዕቅድ ቀዳሚ ዓላማ ያመለጠውን ምዕራፍ ሁሉ መሸፈን አይደለም። ልጁ በራሱም በቤተሰቡም ዓይን ተማሪ ሆኖ እንዲከርም ማድረግ ነው። ለዚህም በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ምን ያህል ይበቃል?

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኢቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች ራሱ በቃሉ እያጠና የመርሳትን ሂደት ለካ፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1885 አሳተመ። የተጠና ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ በአንድ ጊዜ ተጨናንቆ ከተጠናው ይልቅም በተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ የተደገመው በአእምሮ የተሻለ እንደሚቆይ አሳየ። ለክረምቱ ዕቅድ የሚያገለግለው ቁም ነገር ይኸው ነው። ቅዳሜ ቀን ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ከማጥናት ይልቅ በአራት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ማጥናት ይሻላል።

በዚህ መሠረት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ልጆች በቀን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ሁለት ጊዜ 30 ደቂቃ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ በመካከሉ ዕረፍት ያለው አንድ ሰዓት ተኩል እንደ መነሻ ሊወሰድ ይችላል። በሳምንት አራት ቀን ይበቃል። የገበያ ቀንና የበዓል ቀን ከዕቅዱ ውጭ ቢደረጉ መልካም ነው፤ በእነዚያ ቀናት ጥናት ቢታቀድም አይፈጸምም፤ የማይፈጸም ዕቅድ ደግሞ ልጁን ዕቅድ መናቅ ያስተምረዋል።

የትምህርት ዓይነቶችን ሁሉ በቤት ለማዳረስ መሞከር አያስፈልግም። ማንበብ፣ መጻፍና ስሌት ከተጠበቁ ሌሎቹ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሊደረስባቸው ይችላል። የ8ኛ እና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊና ክልላዊ ፈተና ስለሚጠብቃቸው በደከሙበት አንድ ወይም ሁለት የትምህርት ዓይነት ላይ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ለእነርሱም ቢሆን ሌሊት አምሽቶ ማጥናት አይመከርም። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 የሆኑ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 የሆኑት ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋቸዋል።

ዝናቡን የተከተለ ሰዓት

በደጋውና በወይና ደጋው አብዛኛው አካባቢ የክረምት ጠዋት ብዙውን ጊዜ ብራ ነው፤ ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይበረታል። ይህ ለዕቅዱ ትልቅ ትርጉም አለው። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲወርድ ሬዲዮ አይሰማም፤ ልጅ ሲያነብም ማድመጥ አይቻልም። ሰማዩ ሲጠቁር ቤቱ ይጨልማል፤ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ንባብና ጽሑፍ ለጠዋቱ ብርሃን፣ የእጅ ሥራ፣ ጨዋታና ተረት ለዝናቡ ሰዓት ቢመደቡ ይመረጣል።

በአንዲት ክፍል ቤት የሚኖር፣ የ2ኛ፣ የ6ኛ እና የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ያሉበት ቤተሰብ ለምሳሌ ይወሰድ። ቁርስ ተበልቶ ቤቱ ከተጠረገ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሦስቱም በየደብተራቸው ይቀመጣሉ። የ2ኛ ክፍሉ ልጅ በ20 ደቂቃ ውስጥ አንድ ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ የሚያዳምጠው የ6ኛ ክፍሉ ነው። ታላቂቱ በዚያው ሰዓት የራሷን የሒሳብ መልመጃ ትሠራለች። ከዚያ ሁሉም ወደ ግቢ ይወጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በክረምት ይህ ሰዓት የሚገኘው ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ነው። ሁለተኛው የጥናት ጊዜ ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ ይሆናል። ልጆቹ ጠዋት ያነበቡትን መጽሐፉን ሳይገልጡ ለእናታቸው ይተርካሉ፤ እናት ትጠይቃለች፣ እነርሱ ይመልሳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በአጽንኦት መነገር አለበት። ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ወላጆች «እኛ ምን እናውቃለን?» እያሉ ከልጆቻቸው ትምህርት ራሳቸውን ያርቃሉ። ነገር ግን «ምን አነበብክ? ከዚያስ ምን ሆነ? ለምን?» ብሎ መጠየቅ ፊደል መቁጠርን አይጠይቅም። መልሱን የሚያዳምጥ ጎልማሳ ያለው ልጅ ለነገ ሊያነብ የሚችልበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው። የሱቅ ሒሳብ መመለስ፣ ዱቄት መስፈር፣ የገበጣ ጠጠር መቁጠር ለትንንሾቹ ከመልመጃ ወረቀት የማያንስ የስሌት ትምህርት ነው።

ዕቅዱ በአንድ ወረቀት ተጽፎ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍና የተፈጸመው ቀን ምልክት ቢደረግበት ጥሩ ነው። ወረቀቱን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት። በሳምንት አንድ ቀን ቢያመልጥ የሚቀጥለው ቀን እጥፍ አይደረግም፤ ከታቀደበት ይቀጠላል።

ሥራውና ጥናቱ

በገጠር ክረምት የዕረፍት ወቅት ሆኖ አያውቅም። እርሻው፣ ዘሩ፣ አረሙና ከብት ጥበቃው የልጆችን እጅ ይፈልጋሉ። ዕቅዱ ይህን እንዳላየ ካለፈ በመጀመሪያው ሳምንት ይፈርሳል። የአረም ሥራ በሚበረታበት ሳምንት የጥናቱ ቀን ወደ ሁለት ዝቅ ቢል ችግር የለውም፤ ጨርሶ እንዳይቋረጥ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልሎ ቢይዝ በመስክ ላይ አንድ ገጽ ማንበብ ይችላል።

በከተማም በገጠርም በተለይ መታየት ያለበት የሴት ልጅ ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ውኃ መቅዳቱ፣ ልብስ ማጠቡ፣ ታናናሾችን መጠበቁ ሳይነገር ወደ እርሷ ይዞራል። ከላይ በተጠቀሰው ቤት ታላቂቱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደብተር ይዛ እንድትቀመጥ፣ ቁርሱን ከማቅረብና ቤቱን ከመጥረግ ቢያንስ አንዱን ወንድሟ መሥራት አለበት። በግድግዳው ወረቀት ላይ ከጥናቱ ጎን የቤት ሥራው ድርሻም በየስሙ ቢጻፍ ማን ምን ያህል እንደሚሠራ ለሁሉም ይታያል። ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ መዳር በሕግ የተከለከለ ነው፤ «ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል» የሚለው ምክንያት ይህን አይለውጠውም።

የሚማሩበት ቦታ

በብርድ ምክንያት በርና መስኮት ዘግቶ መዋል በክረምት የተለመደ ቢሆንም፣ ብዙ ሰው በሚኖርበት ክፍል አየሩ ካልተዘዋወረ የመተንፈሻ አካል በሽታዎች በቀላሉ ይተላለፋሉ። በጥናት ሰዓት ቢያንስ አንድ መስኮት ይከፈት፤ ልጆቹ ሹራብ ይደርቡ። ከሰል አቀጣጥሎ በተዘጋ ቤት ውስጥ ማጥናትም ሆነ መተኛት ለሕይወት ያሰጋል፤ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ አለበት።

የጎረቤት ልጆችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ የማጠናከሪያ ትምህርት መስጠት በወረርሽኙ ወቅት አይመከርም ነበር። አስጠኚ የግድ የሚያስፈልግ ከሆነ በስልክ ወይም በግቢ ውስጥ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጎና የሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል ርቀት ጠብቆ ሊሆን ይችላል። ከጨርቅ የተሠራ መሸፈኛ በክረምት ቶሎ እንደማይደርቅ መዘንጋት የለበትም። እርጥብ መሸፈኛ ማድረግ ስለማይገባ ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ያስፈልጉታል። እጅን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ መታጠብ ከእያንዳንዱ የጥናት ጊዜ በፊት ቢደረግ ለትንንሾቹ ልማድ ይሆናል። ከጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ለእጅ መታጠቢያ ያገለግላል፤ ሳይፈላ ወይም በውኃ ማከሚያ ሳይታከም ግን ለመጠጥ አይውልም።

አያቶች በሚኖሩበት ቤት የተረቱ ሰዓት የእነርሱ መሆኑ ተገቢ ነው። ዕድሜያቸው የገፋና የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የአስም ሕመም ያለባቸው ሰዎች በኮቪድ-19 ይበልጥ ስለሚጎዱ፣ የሚያስለው ወይም የሚያተኩሰው ልጅ ለእነርሱ ከመቅረብ ይቆጠብ። እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ ጥናቱ ይቆማል፤ ታማሚው ለብቻው እንዲሆን ተደርጎ ወደ 8335 ነፃ የስልክ መስመር ይደወላል።

ሕመሙ ሁልጊዜ በትኩሳት አይገለጽም። ከእንቅልፉ የሚባንን፣ መብላት የተወ፣ ቀድሞ ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብ እንደገና የጀመረ፣ ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ወይም ጨርሶ ዝም ያለ ልጅ ተጨንቆ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ጥናቱን ማሳነስና ከልጁ ጋር መነጋገር ይቀድማል። ሁኔታው ለሁለት ሳምንት ከቀጠለ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ዱላም ሆነ ስድብ ሰነፍን ልጅ አያነቃም፤ የተጨነቀውን ግን ይበልጥ ይጎዳዋል።

ቡሄና እንቁጣጣሽ

ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ነው። ልጆች በቡድን ሆነው በየደጃፉ «ሆያ ሆዬ» የሚሉበት ልማድ በወረርሽኝ ወቅት በሽታውን ከቤት ወደ ቤት ሊያዛምት ስለሚችል በየቤተሰቡ ግቢ ተወስኖ ቢከበር ይመረጣል። ክልከላ ብቻውን ግን ልጆችን አያሳምንም። ለሁለት ሳምንት ከጥናቱ ሰዓት አንዱ ለበዓሉ ግጥም ማዘጋጃ ቢሰጥ፣ ወንዶቹ ለቡሄ፣ ሴቶቹም ለእንቁጣጣሽ «አበባየሆሽ» የራሳቸውን ስንኞች ጽፈው ለዘመድ በስልክ ቢያሰሙ፣ የጽሕፈት ትምህርቱም በዓሉም ሳይቀር ይከናወናል። አረፋ በሚከበርባቸው ቤቶችም ልጆች ለአያቶቻቸው የበዓል መልእክት ጽፈው እንዲያነቡላቸው ማድረግ ይቻላል።

ጳጉሜን ሲገባ

ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ የመኝታና የመነሻ ሰዓት በየሁለት ቀኑ በሩብ ሰዓት እየቀደመ ወደ ትምህርት ቤት ልማድ ይመለሳል። በጳጉሜን አምስት ቀናት አዲስ ጥናት አይጀመርም። ልጆቹ በክረምቱ የጻፉትን ገልጠው ያያሉ፤ ያልገባቸውን በአንድ ገጽ ይጽፋሉ፤ ያ ገጽ ለመምህራቸው የሚሰጥ ነው። ወላጆች የትምህርት ቤቶች መከፈቻና የምዝገባ ቀን በትምህርት ሚኒስቴርና በየአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ሲገለጽ እየተከታተሉ፣ ሴትም ወንድም ልጆቻቸውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስመዘግባሉ። መከፈቻው ቢዘገይ በግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ተነስቶ በሌላ ይተካል፤ አራቱ ቀናትም እንዳሉ ይቀጥላሉ።