ክር የሚፈትሉ ባክቴሪያዎች



አንድ ተማሪያችን አዲስ አበባ ላሉት አያቱ ደብዳቤ ጻፈ። «በክረምት ልመጣ ነው» ሊል ፈልጎ «በክረምት ሊመጣ ነው» ብሎ ላከ። አያቱም ደውለው «ማነው የሚመጣው ልጄ?» ብለው ጠየቁት። ሲነግረኝ «ቲቸር፣ አንድ ፊደል እኮ ናት!» አለኝ። የዛሬው ትምህርት ለእሱ መልስ ነው። በዓይን በማትታይ ባክቴሪያ ውስጥ እንኳ አንዲት ፊደል ምን እንደምታደርግ እንይ።

ሴሉሎስ ምንድን ነው?

ቤታችሁ ጋቢ ወይም ነጠላ አለ አይደል? የተሠራው ከጥጥ ነው። የጥጥ አብዛኛው ክፍል፣ ከመቶ 90 ያህሉ፣ ሴሉሎስ ይባላል። በእንጨትና በወረቀት ውስጥም አለ። ሴሉሎስ የሚሠሩት ግን ዕፅዋት ብቻ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1886 አድሪያን ብራውን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት፣ አንድ የኮምጣጤ ባክቴሪያ በፈሳሹ ላይ ወፍራም ስልባቦት የመሰለ ነገር እንደሚሠራ አየ። ሲመረምረው ሴሉሎስ ሆኖ አገኘው። የባክቴሪያው የዛሬ ስም ኮማጋታኢባክተር ዛይሊነስ ነው። ስኳር ይበላል፣ ክር ይፈትላል። ኮምቡቻ ሲዘጋጅ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ቆዳ መሰል ነገርም የዘመዶቹ ሥራ ነው።

ጂኖም ምንድን ነው?

ባክቴሪያውን መፍተል ማን አስተማረው? ሕይወት ያለው ሁሉ በውስጡ የተጻፈ መመሪያ አለው። ሙሉው መጽሐፍ ጂኖም ይባላል። ለአንድ ሥራ የሚሆነው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ጂን ይባላል። የእኛ ፊደል 33 ቤተሰብ አለው፣ እያንዳንዱም 7 መልክ። የጂኖም ፊደሎች ግን 4 ብቻ ናቸው፦ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ። የሚነበቡትም ሦስት ሦስት እየሆኑ ነው።

እኔ በሙያዬ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን አስቀምጬ ልዩነቱን እፈልጋለሁ። ሳይንቲስቶችም ጂኖም ሲያወዳድሩ እንዲሁ ያደርጋሉ።

እናወዳድር

1. ኮማጋታኢባክተር፦ ለመፍተል የሚያገለግሉት ጂኖች ቢሲኤስ ይባላሉ። ከነሱ አንዱ፣ ቢሲኤስ ዲ፣ ክሩ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በሰልፍ እንዲደረደሩ ያግዛል። ስለዚህ ክሮቹ ተያይዘው ጠንካራ ጥብጣብ ይሆናሉ።

2. ኢ ኮላይ፦ በሰው አንጀት ውስጥ ይኖራል። ብዙዎቹ ቢሲኤስ ጂኖች አሉት፤ ዲ ግን የለውም። ብዙ የኢ ኮላይ ዓይነቶች ሴሉሎስ የሚሠሩት እርስ በርስ ለመጣበቅ ነው።

3. ኢ ኮላይ ኬ-12፦ ይህ ከ1922 ጀምሮ በላቦራቶሪ የኖረ ነው። ወደ 4.6 ሚሊዮን ፊደል ያለው ጂኖሙ በ1997 ተነቦ አለቀ። የመፍተያ ጂኖቹ አሉ፤ እሱ ግን አይፈትልም! ለምን?

በ2013 በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች መልሱን አሳተሙ። ቢሲኤስ ኪው በሚባለው ጂን መጀመሪያ አካባቢ «ቲቲጂ» መሆን የነበረበት «ቲኤጂ» ሆኗል። የተቀየረችው አንዲት ፊደል ናት። ቲኤጂ ደግሞ እንደ አራት ነጥብ ነው፤ «እዚህ አቁም» ማለት ነው። «ሳራ ወደ ገበያ ሄደች» የሚለውን «ሳራ ወደ።» ብላችሁ ብታቆሙት ማን ይገባዋል? ተመራማሪዎቹ ያቺን ፊደል ሲያርሟት ባክቴሪያው ሴሉሎስ መሥራት ጀመረ።

ምን ይጠቅመናል?

ምግብ የሚበክለው ሳልሞኔላም ሴሉሎስ ይሠራል፤ ዕቃ ላይ ተጣብቆ ለመቆየት ይረዳዋል። እዚሁ አትላንታ ያለው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በተለያዩ ስቴቶች ከታመሙ ሰዎች የተገኙ ባክቴሪያዎች ጂኖም እንዲወዳደር ያደርጋል። ከ2019 ጀምሮ ዋናው ዘዴ ይኸው ነው። ፊደሎቹ በጣም ከተመሳሰሉ፣ ሰዎቹን ያሳመማቸው አንድ ዓይነት ምግብ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ አንዲት ፊደል ሲስት «ግድ የለም፣ ገብቶኛል» ብላችሁ አትለፉት፤ አትቆጡትም። አብራችሁ አንብባችሁ አርሙት። አያቱ የሚጠብቁት እሱን ነውና።

የቤት ሥራ

ሀ. እንደ «ልመጣ» እና «ሊመጣ» በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ 5 ጥንድ ቃላት ጻፉ።
ለ. ጥጥ እንዴት እንደሚፈተል እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቃችሁ በ3 ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
ሐ. ጂኖምና ጂን ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልካም ሳምንት!