የተፋቀ ላሜራ አይደር

አሮጌ ቮልስዋገን ለማደስ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጣደፈው ቀለሙን ፍቆ ለማውረድ ነው። ኮፈኑን፣ ፓራፋንጎውን፣ በሮቹን ሁሉ በአንድ ሳምንት ፍቆ፣ ብረቱ እንደ ብር ሲያበራ ሲያይ ሥራው የተጋመሰ ይመስለዋል። መኪናው ግን ከመቼውም ይልቅ ለጥፋት የተጋለጠው ያን ቀን ነው። ምክንያቱን በዝግታ እንመልከተው።

ብረት የሚዝገው ከኦክስጅንና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ነው። አየሩን ከጋራዥ ማስወጣት አንችልም፤ ስለዚህ ጥንቃቄያችን ሁሉ ውሃው ላይ ያርፋል። ውሃ ስንል ዝናብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአየሩ እርጥበት 60 ከመቶ ገደማ ካለፈ፣ በዓይን የማይታይ ስስ ውሃ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ ለዝገት ይኸው ይበቃዋል። ጨው ደግሞ ያፋጥነዋል፤ የእጃችን ላብም ጨው አለበት። በባዶ እጅ የተዳሰሰ ላሜራ ከቀናት በኋላ የጣት አሻራችንን በቡናማ ቀለም አትሞ የሚያሳየን ለዚህ ነው። ጓንት አድርጉ።

እንግዲህ በዚያው ቀን ሸፍናችሁ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ፋቁ። አንድ በር ከሆነ አንድ በር ይሁን። በአዲስ አበባ ክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ይህን መዘንጋት ሥራን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ከፋቃችሁ በኋላ ቅባቱን በማጽጃ ጥረጉ፤ ማጽጃው ሳይደርቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ አንሡት፤ አለዚያ ቅባቱን ከቦታ ቦታ ማዛወር ብቻ ይሆናል። በጥቃቅን ጉድጓዶች የቀረውን ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። አሲዱ ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ ግን በላዩ የሚቀባው ኢፖክሲ ፕራይመር አይይዝም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱትን ልንገራችሁ። ግራጫ ፕራይመር የተቀባ ሁሉ ተጠብቋል ብለው ያምናሉ። ለመፈግፈግ የተሠራው ተራ ፕራይመር ግን እንደ ሸክላ እንስራ ውሃ ያሳልፋል። ስቱኮም እርጥበት ይጠጣል። ዕቃ እስኪገኝ ለወራት በግራጫ ፕራይመር የቆመ መኪና ከሥሩ ሲዝግ፣ ባለቤቱ የሚያውቀው የመጨረሻው ቀለም ሲያብጥ ነው። ብረቱን በእውነት የሚዘጋው ከማጠንከሪያው ጋር የሚቀላቀለው ኢፖክሲ ፕራይመር ነው። ባዶው ብረት ላይ መጀመሪያ እሱን ቀቡ፤ ስቱኮውን ከዚያ በላዩ አድርጉ። ስትረጩም ተገቢውን የመተንፈሻ ጭምብል አትርሱ።

ቀለም የማይነካቸው የሞተር ክፍሎች፣ እንደ ሲሊንደርና ኮሎ፣ ዘይት ወይም ግራሶ ተቀብተው በዘይት በተነከረ ወረቀት ይጠቀለሉ። ላስቲክ ብቻ ከሆነ እርጥበቱን ውስጥ ስለሚይዝ ሌሊት ያልባቸዋል። ቀለም የሚቀባ ላሜራ ላይ ግን ዘይት አታድርጉ፤ መጋጠሚያው ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ቀለሙን ያበላሻል።

በቮልስዋገን ላይ ሁለት ቦታ አደራ እላችኋለሁ። አንዱ ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለው የባትሪው ወለል ነው፤ የባትሪ አሲድ ይበላዋል። ሌላው ከበሮቹ ሥር የሚያልፈው፣ ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያደርሰው ውስጡ ባዶ የሆነ ሣጥን ነው። እሱ ከውስጥ ወደ ውጭ ስለሚዝግ ብሩሽ አይደርስበትም። ቀለሙ ሁሉ ካለቀ በኋላ ፈሳሽ ሰም በረጅም ቱቦ ይረጭበት፤ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹም አይደፈኑ።

ዛሬ ጋራዣችሁ ውስጥ የተፋቀ በር ካለ፣ ነገ ሌላውን ከመፋቃችሁ በፊት እባካችሁ እሱን ሸፍኑ።