ራስን ችሎ መኖር፦ የአካል ጉዳተኞች መብትና ድጋፍ

በአሽዶድ ሮቫ ዩድ ቤት ለሚኖሩ አዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ትምህርት

ከቤተሰብዎ መካከል ማየት፣ መስማት ወይም መራመድ የተሳነው፣ የአእምሮ እድገቱ የዘገየ ወይም በሥነ አእምሮ ሕመም የሚሠቃይ ሰው ይኖር ይሆን? ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለእርሱም ለእርስዎም ነው።

በአገር ቤት እንዲህ ያለውን ሰው የሚደግፈው ቤተሰብና ጎረቤት ነበር። እናት ታጥባለች፤ ወንድም እጁን ይዞ ይመራል፤ ዘመድ አዝማድ ያበላል። ይህ ፍቅር የሚከበር ነው። ሆኖም ከፍቅሩ ጋር አንዳንድ ጊዜ ሐፍረት ይደባለቃል። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ እንዲገባ ይደረጋል፤ ጉዳቱም የእርግማን ውጤት ተደርጎ ይታያል። በእስራኤል ደግሞ አባትና እናት ወደ ሥራና ወደ ኡልፓን ሲሄዱ፣ ጎረቤትም በሩን ዘግቶ ሲኖር፣ ጉዳተኛው በአፓርታማው ውስጥ ብቻውን ይውላል። ስለዚህ ሸክሙ በቤተሰብ ላይ ብቻ ሊቀር አይገባም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው ሁሉ፣ ጉዳተኛውን የሸሸገ ቤተሰብም መብቱን ያሳጣዋል።

ራስን ችሎ መኖር ማለት ምን ማለት ነው?

ራስን ችሎ መኖር ማለት ሁሉን ነገር ያለ ሰው እርዳታ መሥራት ማለት አይደለም። ልብሱን ሌላ ሰው የሚያለብሰው ሰው እንኳ የትኛውን ልብስ እንደሚለብስ፣ የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚውል ራሱ ከወሰነ ራሱን ችሎ ይኖራል ይባላል። እርዳታው የሌላ ሰው ነው፤ ውሳኔው ግን የእርሱ ነው።

ይህ አሳብ የተስፋፋው ከአካል ጉዳተኞች ከራሳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ በበርክሌይ ከተማ ኤድ ሮበርትስና ባልደረቦቹ በአካል ጉዳተኞች የሚመራ የድጋፍ ማዕከል አቋቋሙ። ሮበርትስ በልጅነቱ በፖሊዮ ምክንያት እጅና እግሩ ሽባ የሆነ፣ በመተንፈሻ መሣሪያ የሚኖር ሰው ነበር። ከኢትዮጵያም ምሳሌ አለ። በአማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ያጣችው የትነበርሽ ንጉሤ ተምራ የሕግ ባለሙያ ሆነች፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሟገቷም በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ከሌሎች ጋር ተቀበለች።

የአገሪቱ ሕግ ምን ይላል?

በእስራኤል የአካል ጉዳተኞች የእኩል መብት ሕግ የወጣው በ1998 ነው። ሕጉ በሥራ ቦታ በጉዳት ምክንያት ማግለልን ይከለክላል፤ የሕዝብ ቦታዎችና መጓጓዣዎችም ለአካል ጉዳተኞች አመቺ እንዲሆኑ ያዛል። የሥነ አእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በኅብረተሰቡ መካከል እንዲያገግሙ የሚረዳው ሕግ በ2000 ወጣ። በ2016 በተደረገው የሕግ ማሻሻያ ደግሞ አንድ ሰው ሞግዚት (አፖትሮፖስ) ከመሾም ይልቅ በሚያምነው ሰው እየተደገፈ ራሱ እንዲወስን የሚያስችል መንገድ ተከፈተ። ስለዚህ ቤተሰብ ሞግዚትነትን ከመጠየቁ በፊት ይህን መንገድ ቢያጣራ መልካም ነው፤ ሞግዚትነት የሰውን ውሳኔ ወደ ሌላ ሰው ያሻግራልና።

ከቢቱዋህ ለኡሚ ምን ይገኛል?

1. ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ ከሆነ፣ ወላጆች የአካል ጉዳተኛ ልጅ አበል እንዲሰጣቸው ማመልከት ይችላሉ።

2. ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ ሆኖ የጡረታ ዕድሜ ያልደረሰና በጉዳቱ ምክንያት ሠርቶ የማግኘት ችሎታው የቀነሰ ሰው የአካል ጉዳት አበል እንዲሰጠው ማመልከት ይችላል።

3. ለመልበስ፣ ለመብላት፣ ለመታጠብና በቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ የሌላ ሰው እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ለልዩ አገልግሎት የሚሰጠውን አበል ይጠይቃል።

4. የጡረታ ዕድሜ የደረሱ አረጋውያን የሲዑድ አገልግሎት ይጠይቃሉ።

ማመልከቻዎን አያዘግዩ። የአካል ጉዳት አበል ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊከፈል የሚችለው ቢበዛ ለ12 ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ይቀራል። ጉዳቱ ወደ እስራኤል ከመግባትዎ በፊት የደረሰ ከሆነም ይህንኑ በግልጽ ይናገሩ፤ በአዲስ ገቢዎች ላይ የሚሠራውን ደንብም በቢሮው ይጠይቁ። የቢቱዋህ ለኡሚ ስልክ *6050 ነው።

በሐኪሞች ኮሚቴ ፊት

አመልካቹ ብዙውን ጊዜ በሐኪሞች ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ ይጠራል። በዚህ ጊዜ ወገኖቻችን የሚጎዱበት አንድ ልማድ አለ። ሐኪሙ «እንደምን ነህ?» ሲል፣ ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብሎ መመለስ ነው። በእኛ ዘንድ ይህ ሰላምታ ነው፤ በኮሚቴው መዝገብ ላይ ግን «ደህና ነው» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ፦

– እውነቱን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይንገሩ። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሡ፣ ደረጃ መውጣት ይችሉ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያጥብዎ ያስረዱ።

– ከኩፓት ሆሊም ሐኪምዎ የተሰጡትን የሕክምና ወረቀቶች በሙሉ ይዘው ይቅረቡ፤ የእያንዳንዱንም ቅጂ በቤትዎ ያስቀምጡ።

– ዕብራይስጥ የማይችሉ ከሆነ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግዎ አስቀድመው ያሳውቁ። ልጅዎን አያስተርጉሙ። ልጅ የሕክምናን ቃል አያውቅም፤ ወላጁም በልጁ ፊት ችግሩን ለመናገር ያፍራል።

– ውሳኔው ትክክል ካልመሰለዎ ይግባኝ ማለት ይችላሉ። የይግባኙ ጊዜ የተወሰነ ስለሆነ ደብዳቤውን በደረሰዎ ቀን ያስነብቡ።

ያድ መኻቬኔት የተባለው የቢቱዋህ ለኡሚ አገልግሎት ከኮሚቴው በፊት በነፃ ምክር ይሰጣል፤ ስልኩ *2496 ነው።

በአካባቢዎ ወደ ማን ይሄዳሉ?

ስለ ሕፃን እድገት ጥርጣሬ ካለዎ መጀመሪያ ለቲፓት ሃላቭ ነርስ ወይም ለኩፓት ሆሊም የሕፃናት ሐኪም ይንገሩ። በቤት ውስጥ እርዳታ፣ የቀን መዋያ ወይም ሥራ የሚያስፈልገው ሰው በከተማው የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል (ሪቫሃ) ወዳለችው ወይም ወዳለው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ይቅረብ። የልጅ ትምህርት ጉዳይ ከሆነ፣ በ1988 የወጣው የልዩ ትምህርት ሕግ መብቱን ይጠብቃል፤ በ2018 በተደረገው ማሻሻያም ወላጆች በትምህርት ቤቱ ዓይነት ላይ የመምረጥ ድምፅ አግኝተዋል።

ስለ መብት መናገር

አንዳንዶች «መንግሥትን መጠየቅ ልመና ነው» ይላሉ። አይደለም። እነዚህ አበሎች ምጽዋት ሳይሆኑ በሕግ የተጻፉ መብቶች ናቸው። በ1999 እና ከ2001 እስከ 2002 አካል ጉዳተኞች በኢየሩሳሌም ለብዙ ሳምንታት ሰልፍ ተቀምጠው አበላቸው እንዲሻሻል ጠይቀዋል። የተናገሩት ራሳቸው እንጂ ሌሎች ስለ እነርሱ አልነበሩም። አባቶቻችንም «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤትዎ ያለው ጉዳተኛ ዛሬ ራሱ የወሰነው ነገር ምንድን ነው? ነገስ ምን ሊወስን ይችላል?

2. «ደህና ነኝ» ከማለት ይልቅ በሐኪም ፊት ምን ብለው ይመልሳሉ?

3. በሚቀጥለው ሳምንት በመጀመሪያ የሚሄዱት ወደ የትኛው ቢሮ ነው? የትኞቹንስ ወረቀቶች ይይዛሉ?