ሁለት ስም፣ አንዲት ነፍስ

የትምህርቱ ንባብ፦ አስቴር 2፥5-10፤ ዳንኤል 1፥1-16፤ 2ኛ ነገሥት 5፥1-19



ወደ ጅዳ ከሄዱት ክርስቲያን እኅቶቻችን ብዙዎቹን፣ ቪዛው ቶሎ እንዲወጣ ደላላው የሙስሊም ስም አውጥቶላቸው፣ ሻርፕ አስሮ ፎቶ አስነሥቷቸዋል። ኢቃማው ላይ ፋጡማ ተብሎ ሲጠሩ ልባቸው “እኔ ማን ነኝ?” እያለ ይጨነቃል። ዛሬ የምንማረው ስለዚህ ነው።

1. እግዚአብሔር በየትኛው ስም ያውቀናል?

ዳንኤል በባቢሎን ብልጣሶር ተባለ፤ ጸሎቱ ግን አልተለወጠም። አስቴር ሀደሳ የሚባል ሌላ ስም ነበራት፤ መርዶክዮስ ስላዘዛትም ወገኗን አልተናገረችም። እኛስ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ስም እናውቅ የለምን? ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ሥላሴ የተባልሽበት የክርስትና ስምሽ በደላላ ብዕር አይፋቅም።

ነገር ግን እውነቱን አንሸፍን፤ ሐሰተኛ ወረቀት ሐሰት ነው። ገና አገር ቤት ያላችሁ በዚህ አትስማሙ። ያለፈባችሁ ደግሞ በንስሐ ለእግዚአብሔር ንገሩ እንጂ ተስፋ አትቁረጡ።

2. ቤተሰቡ ወደ መካ ሲሄድ

መካ ሙስሊም ያልሆነ ሰው እንዲገባባት አይፈቀድም። ስለዚህ ክርስቲያን በወዶ ገብነት ሊሄድባት አይገባም፤ የሰውን ቅዱስ ቦታ ማክበርም ምግባራችን ነው። በወረቀቷ ምክንያት አሠሪዋ ለዑምራ ልጅ አስይዛ የወሰደቻት እኅት ግን አለች። ንዕማን ጌታው በሬሞን ቤት በእጁ ተደግፎ ሲሰግድ አብሮት ማጎንበሱ አስጨንቆት ይቅርታ ለመነ፤ ኤልሳዕም በሰላም አሰናበተው። ስለዚህ በእንዲህ ያለችው እኅት ላይ ጣት አንቀስር፤ እንጸልይላት።

3. ጥበብ በጸሎት

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 በጅዳ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ተይዘው ነበር፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ወራት ታስረው በ2012 ወደ አገር ተመለሱ። በሳውዲ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ የሌላ ሃይማኖት ስብከትም ያስቀጣል። ጌታችን በማቴዎስ 6፥6 በስውር ስለሚደረግ ጸሎት አስተምሮናል። ዕቃ እያጠቡ በልብ የሚደረግ “አባታችን ሆይ” ይደርሳል። ከአሠሪ ጋር በሃይማኖት አትከራከሩ። ነገሩ ከተነሣ፣ ከመካ የተሰደዱ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች በ7ኛው መቶ ዘመን በአክሱም ክርስቲያን ንጉሥ ጥላ ሥር እንደተጠለሉ እነርሱም ያውቃሉ፤ ይህ የሚያቀራርብ ታሪክ ነው።

4. ዝም የማይባልበት ጊዜ

አስቴር በወገኗ ላይ ሞት ሲመጣ ዝምታዋን ሰበረች (አስቴር 4)። እምነትን በልብ መያዝ ግፍን ዝም ብሎ መቀበል አይደለም። የሳውዲ መንግሥት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ደንብ ለቤት ሠራተኛ ወርኃዊ ደመወዝና ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ደንግጓል። የተቀበላችሁትን ደመወዝ በየወሩ ጻፉ፤ የጅዳውን ቆንስላ ስልክ ያዙ። ያዕቆብ 5፥4 የሠራተኛ ደመወዝ ሲቀር ጩኸቱ እግዚአብሔር ዘንድ እንደሚደርስ ይነግረናል።

ለመወያያ፦
ሀ. ዳንኤል ስሙን ሲለውጡበት ያልተወው ነገር ምን ነበር?
ለ. የንዕማንን ሚስት ታገለግል የነበረችው ልጅ ስሟ አልተጻፈም። በምን ታወቀች?
ሐ. በእኛ ቤት ዝም የምንለውና የምንናገረው የቱ ነው?

ጸሎት፦ አቤቱ፣ በስማችን የምታውቀን አምላክ ሆይ፣ በባዕድ ቤት ያሉትን ልጆችህን ጠብቅ፤ ልባቸውን አጽና፤ በሰላም ወደ እናቶቻቸው ደጅ መልሳቸው። አሜን።